የሁለት እናቶች ልክ

የሰው ልጅ በዘመኑ ብዙ የሰላም ጉባኤ አይቷል። ወንዝ ለመካፈል፣ ድንበር ለማካለል፣ ምርኮኛ ለመለዋወጥ ሲባል ረጃጅም ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል፤ ባለ ክራባቶች ተጨባብጠዋል፤ የታሸገ ውሃ በብዛት ተጠጥቷል። ከእነዚህ ሁሉ በክብርም በጭቅጭቅም የማያንስ አንድ ጉባኤ ግን እስከ ዛሬ ጸሐፊ ሳያገኝ ቀርቷል። እሱም በአንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ዙሪያ የተካሄደው ነው። አጀንዳው አንድና አንድ ብቻ ነበር፦ በሰርጉ ፎቶ ላይ ከሁለቱ እናቶች ማንኛቸው ይግዘፉ?

ፎቶው ራሱ ምንም አላጠፋም። ሙሽራውና ሙሽሪት መሃል ቆመዋል፤ ሙሽሪት እቅፍ አበባዋን ይዛለች፤ በአንድ በኩል የእሷ እናት፣ በሌላው በኩል የእሱ እናት አሉ። አራቱም ፈገግ ብለዋል። ጥፋቱ የፎቶ አንሺው ነው። ሰውየው ከኋላው የነበረ ወንበር እንዳያደናቅፈው ብሎ ትንሽ ወደ ግራ ፈቀቅ አለ። በዚህች መፈቀቅ ምክንያት የሙሽራው እናት ለካሜራው ቀረብ፣ የሙሽሪት እናት ደግሞ ራቅ አሉ። የቀረበ ይገዝፋል፣ የራቀ ያንሳል፤ ተፈጥሮ እንዲህ ናት። ነገር ግን ተፈጥሮ እነዚህን ሁለት ሴቶች ገና አልተዋወቀቻቸውም።

የሙሽሪት እናት ዕድሜያቸውን በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲመሩ የኖሩ ናቸው። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ስብሰባው ከእሳቸው አልወጣም። ወጡ ጨው ሲያንሰው እንኳ «በጨው አቅርቦት በኩል ክፍተት ታይቷል» ነው የሚሉት። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ «ሰብሳቢዋ» ይላቸዋል። የሙሽራው እናት ደግሞ ልብስ ሰፊ ናቸው። የመለኪያ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ በሰርጉ ዕለት እንኳ ከሐብላቸው ሥር ተጠምጥሞ ነበር። ሰው ሊጨብጣቸው እጁን ሲዘረጋ እሳቸው የሚያዩት የትከሻውን ስፋት ነው።

ሁለቱም ባሎቻቸውን በጊዜ ያጡ ናቸው። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ ልጅ ነው። ሁለቱም ያንን አንድ ልጅ በአንድ ቀን ዳሩ፤ ማታ ወደ ቤታቸው ገብተው የአንድ ሰው ራት አቀረቡ። ስለዚህ ፎቶውን ባዩ ጊዜ የሆነው ሁሉ ቢሆን ሊገርመን አይገባም።

«ልጄ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው። «ይህ ምስል ሚዛናዊ ውክልና ይጎድለዋል። የእኔ ጠቅላላ ቁመና ከእሳቸው አንድ ክንድ አይበልጥም። ይህ ፎቶ በተሰቀለበት ቤት እግሬ አይገባም።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ፎቶ እኮ አይዋሽም። እኔ ድሮም ደልደል ያልኩ ነኝ። እንግዲህ ይህ ፎቶ ካልተሰቀለ የእኔም እግር አይገባም፤ በጤናችሁ ኑሩ።»

ቅዳሜ ደግሞ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ምሳ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አራት ወንበር አለ፤ ለአራት ሰው። ሙሽሪት ሁለቱንም በደንብ ታውቃቸዋለች። ቅዳሜ አንዱ ወንበር ባዶ ከሆነ፣ ያ ባዶ ወንበር ዕድሜ ልኳን ከጠረጴዛዋ እንደማይነሳ አልጠፋትም። ሌላ ሰው በቂም ይታማል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በቂም የሚደነቁ ነበሩ።

«ለማንም ፎቶ ቤት አልሰጥም» አለች ሙሽሪት ለባሏ። «እኔ እያለሁ? እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ።»

ይህች ሙሽሪት ፎቶ ማስተካከልን ከማንም አልተማረችም። ቪዲዮ እያየች ራሷን በራሷ አስተማረች፤ ይህንንም ታክሲ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጠ ለማታውቀው ሰው ሳይቀር ትናገራለች። ቪዲዮዎቹን ሁሉ እስከ መጨረሻው አይታ ይሆን የሚለውን ጥያቄ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ የጠየቃት አልነበረም።

ጉባኤው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተከፈተ። ሙሽሪት ከላፕቶፑ ፊት፣ ሰብሳቢዋ በቀኟ፣ ልብስ ሰፊዋ በግራዋ ተቀመጡ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀሩም ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ዘመም ተደርጎ በእጅ ካልተያዘ አይሠራም። ይህ ኃላፊነት በሙሉ ድምፅ ለሙሽራው ተሰጠ። ከግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ያዘ። በዚያ ትዳር ውስጥ የተሰጠው የመጀመሪያው ሥልጣን ይህ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በብቃት ተወጣው።

ሙሽሪት ማውሱን ይዛ የእናቷን ዳር ዳር ተከትላ ዞረች። ስትጨርስ ሰብሳቢዋን ነጠብጣብ መስመር ከበባቸው፤ ነጠብጣቦቹም እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተራመዱ።

«ምንድን ነው ይሄ የሚርመሰመሰው?»

«ሴሌክሽን ይባላል፣ እማ። አንቺን ከሌላው ለይቶ የከበበሽ መስመር ነው።»

«አጃቢ ማለትሽ ነው።»

«እንደዛ በይው።»

«የእሳቸውስ አጃቢ የታለ?»

«ገና ነው።»

«ጥሩ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ወደ ወንበራቸው ደገፍ ብለው። «ቀጥይ።»

«ኧረ እንዴት ሆኖ ነው የምትቀጥለው?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «እኔን ለብቻዬ ሜዳ ላይ ጥላኝ?»

እኩልነት ይከበር ዘንድ አማቷም በጉንዳን ተከበቡ። ከዚያ ሙሽሪት ማስተካከያውን ከፈተች፤ ጥጉን ይዛ ወደ ውጭ ሳበች። መስመሩ ሰፋ። ሰብሳቢዋን አልፎ መጋረጃውን ያዘ፤ ልብስ ሰፊዋን አልፎ የአበባ ማስቀመጫውን ግማሽ ጠቀለለ።

«እፎይ!» አሉ ሰብሳቢዋ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «አሁን ተነፈስኩ!»

«የእኔም አማረ» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ትከሻው ጋ ትንሽ ጨምሪበት እንጂ፣ ልጄ፤ ስፌት ውስጥ ይገባል።»

ጨመረች። በመስመሩ ውስጥ ያሉት ሴቶች ቅንጣት ታህል እንዳላደጉ ያየ ሰው የለም፤ የሁሉም ዓይን ጉንዳኖቹ ላይ ነበር። ሰብሳቢዋ ብድግ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬ በዚህ ሳሎን የተመዘገበው ዕድገት» አሉ፣ «ሁለቱም ቤተሰቦች በመቻቻል መንፈስ ከሠሩ ሊሰፉ እንደሚችሉ በተግባር ያረጋገጠ ነው። ለሙያተኛዋ ልጄ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሶኬት በመያዝ የበኩሉን ላበረከተው ለአማቼም...»

በዚህ መሃል ሙሽሪት ሥራው አለቀ ብላ መስመሩን ለቀቀችው። ጉንዳኖቹ ጠፉ። ሁለቱ እናቶች በፎቶው ላይ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው፣ እንደ ሰርጉ ዕለት ሆነው ቆመው ነበር።

ሰብሳቢዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«የት ሄድኩ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሙሽሪት ያሰፋችው አጥሩን ነው፤ ቤቱን አልነካችውም። መስመሩ ሲለጠጥ በውስጡ ያለውም አብሮ የሚለጠጥ መስሏት ነበር። ለዚያ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ አለው፤ ቪዲዮውም ላይ ተነግሯል፤ እሷ ከመስማቷ በፊት ዘግታው ነበር እንጂ። ሌላ ሰው ቢሆን «ተሳስቻለሁ» ይል ነበር። ይህች ግን ሌላ ሰው አይደለችም።

«ይሄ የሙከራ ልኬት ነው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። «ሁሉም ባለሙያ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«እንዴ፣ ምስጋናም ቀርቧል እኮ!» አለ ሙሽራው ከሶኬቱ ሥር።

«አንተ ዝም ብለህ ያዝ።»

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ሙሽሪት በዚህ ጊዜ ሁለቱን እናቶች ከፎቶው ገልብጣ፣ እንደ መጫወቻ ካርታ ከፎቶው በላይ ለየብቻ አስቀመጠቻቸው። የእናቷን ካርታ ጎኑን ይዛ ጎተተች። ሰብሳቢዋ ቁመታቸው ባለበት ቀርቶ ወደ ጎን ተንሰራፉ።

«አወፈርሽኝ!»

«ሰፋሽ እንጂ አልወፈርሽም፣ እማ።»

«ልዩነቱን ለሚያየኝ ሰው ሁሉ እየዞርሽ ታስረጂያለሽ?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ልብስ ሰፊዋ በደስታ። «እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣብኝ እኔ ጥቁር ነው የማለብሰው።»

ሙሽሪት ጎንና ቁመት አብረው የሚያድጉበትን አገኘች። ሰብሳቢዋ በሥርዓት ገዘፉ። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱት። ይህ ታሪካዊ ቅጽበት ነበር፤ ሙሽራው ከተወለደ ጀምሮ የእናቱን ባዶ አንገት ያየው ያን ዕለት ነው። ሜትሩን በስክሪኑ ላይ ዘረጉት።

«በለጡኝ። ጥፍር በምታህል በለጡኝ።»

«አሁን አስተካክላለሁ፣ እትዬ።»

አስተካከለች። ሰብሳቢዋ ሜትሩን ተቀብለው በበኩላቸው ለኩ። «አሁን ደግሞ ሚዛኑ ወዲያ አጋድሏል።» አስተካከለች። ልብስ ሰፊዋ ለኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለቱ እናቶች በየተራ እንደ ሊጥ ኩፍ አሉ። ጭንቅላታቸው የፎቶውን ጣሪያ ነካ።

«ጆሮዬ ተሸፈነ» አለ ሙሽራው፣ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን እያየ።

«በሌላኛው ስማ» አለች ሚስቱ።

አሁን የቸገረው ትልልቆቹ እናቶች ሲመጡ ከዳራቸው የመጋረጃና የግድግዳ ቁራጭ ይዘው መምጣታቸው ነበር። ሙሽሪት ለዚህ መድኃኒቱ በእጇ ነበር፤ ደረቷን ነፋች።

«ይሄ ማስክ ይባላል። ጥቁር የቀባሁት ቦታ ይደበቃል። ነጭ መልሼ ስቀባው ደግሞ ብቅ ይላል። የሚሰረዝ ነገር የለም፤ መሸፈን ብቻ ነው።»

ሰብሳቢዋ ዓይናቸው በራ። «ይህማ የእኛ መሥሪያ ቤት አሠራር ነው! ስሙን ሳናውቀው ስንሠራበት ኖረን!»

የአማቷን ዳር ለማለስለስ ስትሞክር ግን እጇ በዛና ልብስ ሰፊዋ እንደ ጭስ በነኑ።

«ምነው ልጄ፣ በቁሜ መንፈስ አደረግሽኝ?»

«ጠርዙን ነው ያለሰለስኩት፣ እትዬ።»

«ጠርዝ እኔ አውቃለሁ። ጠርዝ ይታጠፋል፣ ይሰፋል እንጂ አይተንም!»

ጠርዙ ታጠፈ። ሴቶቹ ግን አሁንም ቦታ ጠበባቸው፤ መሃሉን ሙሽሮቹ ይዘውታልና።

«የሙሽራው ትከሻ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ «ያለ በቂ ምክንያት ሰፊ ይዞታ ይዟል።»

«ይሄ ቬሎስ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ይህን ያህል መንቦርቀቅ ነበረበት?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰፉልኝ?» አለች ሙሽሪት።

«ለሰርጉ ነው የሰፋሁት፤ ለፎቶው አላልኩም።»

መጀመሪያ እያንዳንዳቸው የሌላዋን ልጅ ሸፈኑ። የሙሽራው ትከሻ ሄደ፤ የቬሎው ጅራት ሄደ። ኋላ ላይ ግን፣ በእውነት ለመናገር፣ የየራሳቸውንም ልጅ አልሰሰቱም። «ልጄ እኮ ዝም ብሎ ነው የቆመው» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «የእኔ ልጅ በተፈጥሮዋ ትሑት ናት» አሉ ሰብሳቢዋ፤ ይህን ስለ ሙሽሪት የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሙሽሪት ጥርሷን ነክሳ ቀባች። ባሏን ቀባች፤ ራሷን ቀባች። ቅዳሜን እያሰበች፣ አራቱን ወንበር እያሰበች ቀባች።

ሲያልቅ ሜትሩ ሁለት ጊዜ ተዘረጋ፤ ሁለት ጊዜም እኩል ሆነ።

ፎቶው ላይ ሁለት ግዙፍ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። በመካከላቸው ባለችው ቀዳዳ እቅፍ አበባው ብቻውን አየር ላይ ተንሳፍፏል።

«እንዴት ያምራል!» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ሰርጋችን» አሉ ሰብሳቢዋ፣ እሳቸውም ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «እንዲህ ማማሩን እኮ በዕለቱ አላስተዋልኩትም።»

ተቃቀፉ። ሁለቱም ለየሳሎናቸው አንድ አንድ ቅጂ አዘዙ፤ በትልቁ፣ ከነፍሬሙ።

«እኛስ?» አለ ሙሽራው ከሶኬቱ ሥር።

«እናንተ ምን?»

«ፎቶው ላይ የለንም እኮ።»

ሰብሳቢዋ በርኅራኄ አዩት። «ልጄ፣ አልተሰረዛችሁም። ተሸፈናችሁ እንጂ። ሰምተሃል አይደል?»

በዚያ ዕለት ሙሽሪት እናቶቹን እስከ በር ሸኝታ ስትመለስ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ባሏ አሁንም ሶኬቱን እንደያዘ ነበር።

«ሰርጋችን አለች» አለች። «እናቴ። ሰርጋችን።»

«እሺ ግን ቅዳሜ ይመጣሉ። ዋናው እሱ አይደለም?»

«ያዝልኝ ያንን ሶኬት።»

የመጀመሪያውን፣ ያልተነካውን ፎቶ ከፈተች። እናቶቹን መጀመሪያ የከበበቻቸውን ያንኑ የጉንዳን መስመር መልሳ አመጣችው፤ አሁን ግን አልለጠጠችውም። ገለበጠችው። የተመረጠው ያልተመረጠ፣ ያልተመረጠው የተመረጠ ሆነ። ከዚያ ማስክ አደረገችበት። ሙሽራውና ሙሽሪት ከነጆሯቸው፣ ከነትከሻቸው፣ ከነቬሏቸው ብቅ አሉ። ግራና ቀኛቸው ግን ሁለት እናት የሚያህል፣ የእናት ቅርጽ ያለው ነጭ ባዶ ቀረ።

ባሏ አንገቱን አዙሮ አየው። «ይህንን ልትሰቅዪው ነው?»

«ልሰቅለው ነው።»

«ተናደው ቢወጡስ? ዳግመኛ ባይመጡስ?»

«ይሄ ፎቶ ይይዛቸዋል» አለች። «ቆመው ያዩታል፤ ምን እንዳደረጉን ይገባቸዋል፤ ያፍራሉ። እኔ የሠራሁት ነገር ሰው ሳይገባው ቀርቶ አያውቅም።» እንዲህ አለች እንጂ ፎቶውን አሳትማ ሚስማሩን ስትመታ እጇ ሁለት ጊዜ ስቷል።

ቅዳሜ መጡ። ሁለቱም። በአንድ ታክሲ፤ ፎቷቸውን እያመሰገኑ። ምሳው ቀርቧል፤ አራቱ ወንበሮች ይጠብቃሉ። ሰብሳቢዋ ቀድመው ገቡና ግድግዳው ላይ ሲያዩ ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላቸው ገብተው ጀርባቸውን ገጩና እሳቸውም ቆሙ።

ሰብሳቢዋ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። በጣታቸው ጫፍ ነጩን ነኩት።

«ይሄ... እኔ ነኝ?»

«አንቺ የነበርሽበት ነው፣ እማ» አለች ሙሽሪት።

ልብስ ሰፊዋም ከሌላው ባዶ ፊት ለፊት ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሁለቱም ዓይን እንባ አዘለ። የሙሽሪት ልብ ራራ። በልቧ ይቅር አለቻቸው፤ ይቅርታውን በምን ቃል እንደምትናገር ሳይቀር አሰበች፤ ጥሩ ቃል ነበር።

«እህቴ» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ።

«አቤት።»

«ልብ ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«የእርስዎ ባዶ ከእኔ ባዶ ይበልጣል።»

«እንዴታ!» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ድሮም ደልደል ያልኩ ነኝ አላልኩም?»

«የእኔ አለመኖር ከእርስዎ አለመኖር በምን ያንሳል? ልጄ! በባዶ ቦታ ድልድሉ ላይ ግልጽ አድልዎ አለ!»

«አይነካም! አንድ ክር እንዳትነኪብኝ፣ ልጄ!» ሜትሩ ከአንገት ወረደ።

«እማ፣ እባክሽ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል...»

«ይቀዝቅዝ!» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ወንበር ስበው ከፎቶው ፊት እየተቀመጡ። «ይህ ባዶ እስኪስተካከል ድረስ ከዚህ ቤት እግሬ አይወጣም።»

«የእኔስ ይወጣል?» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ሌላውን ወንበር አጠገባቸው እየሳቡ። «ከእሳቸው ቀድሞ የእኔ እግር አይወጣም።»

ሙሽሪት ባሏን አየችው። እሱ ግን ማንም ሳያዘው ከጠረጴዛው ተነስቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ሶኬቱን ይዞ ነበር።